የስቴፕለር አዋጅ

የሠራተኛ የግል ማኅደር ሊጠፋ ቢችልም የተረከበው ስቴፕለር ግን ፈጽሞ የማይጠፋ በመሆኑ፤

ሰው ሥራ ሲለቅ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት በየቢሮው መዞሩ ለጤናው የሚበጅ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የለቀቀ ሠራተኛን ደመወዝ ለማቆየት የወጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስ ይመረጣል።

2. ትርጓሜ

«አሠሪ» ማለት አሠሪ ነው። «ሠራተኛ» ማለት ክሊራንሱን ያልጨረሰ ሰው ነው።

3. የመክፈያ ጊዜ

1) በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 መሠረት፣ የሥራ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጠዋል።

2) «ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል» የሚለው ግን እንደሚከተለው ይብራራል፦

ሀ) ስቴፕለር ንብረት ነው።

ለ) ስቴፕለሩ በ2008 በሞዴል 22 ወጪ የተደረገ፣ በ2009 ሞላው የላላ፣ በ2010 ጸሐፊዋ ተውሳው ሥራ ስትለቅ ያልመለሰችው ቢሆንም በሠራተኛው እጅ እንዳለ ይቆጠራል። (እሷ ክሊራንስ እንዴት እንደጨረሰች አይጠየቅም።)

ሐ) ምትክ ተገዝቶ ቢመጣ ርክክቡ የሚፈጸመው የንብረት ክፍል ኃላፊው ሲገኙ ነው። ለቅሶ ላይ ከሆኑ ሠልስቱ እስኪያልፍ፣ አዳማ ስብሰባ ላይ ከሆኑ አበሉ እስኪያልቅ ይጠበቃሉ።

መ) ኃላፊው ኖረው ማኅተም ያዧ ከሌለች፣ ማኅተም ያዧ ኖራ ኃላፊው ከሌሉ፣ ሁለቱም ኖረው ሲስተም ከሌለ፣ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው።

ሠ) ድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት ባይኖረውም፣ ቅጹ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ሳጥን እስካለ ድረስ ሠራተኛው መጽሐፍ እንዳልተዋሰ የሚፈርምለት ሰው ፈልጎ ያገኛል።

ረ) የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለስቴፕለር ብሎ አይጠብቅም። (ይህ በስህተት የገባ ነው፤ ይሰረዝ። ቆይ፣ አይሰረዝ።) ዘጠኝ ዓመት በየወሩ ፔይሮል ላይ ፈርሜያለሁ። ጠቅላላ ደመወዝ፣ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ፣ የተጣራ፣ ከጎኑ የኔ ፊርማ። አንድም ወር አልዘለልኩም። መዝገብ ቤት ስሄድ ግን «ፋይልህ አልተገኘም፤ የቅጥር ደብዳቤህን ኮፒ አምጣ» አሉኝ። የሰው ፋይል ጠፍቶ የስቴፕለር ካርድ የማይጠፋበት፣ ይሄ ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው?

4. የአሠሪው ግዴታዎች

አሉ።

5. ቅጣት

ክፍያ ያዘገየ አሠሪ በአንቀጽ 38 እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊወስን ይችላል። ከሳሹ ሠራተኛ እንደነበር ማስረጃ ያቅርብ። ማስረጃው የሚሰጠው ክሊራንስ ሲያልቅ ነው።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ሥራ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለእኔ ከጸና ዛሬ ሦስተኛ ወሩ ነው። ትናንት ከመርካቶ አዲስ ስቴፕለር ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ኃላፊው ነበሩ፤ ማኅተም ያዧም ነበረች። ስቴፕለሩን ገልብጠው ሆዱን አዩና «ቁጥሩ አይመሳሰልም» ብለው መለሱልኝ።