ይድረስ ለ«1200» ደራሲ

ለዋይፋይ ማራዘሚያ አምራቾች፣ የካርቶን ጽሑፍ ዋና ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስለተደመረ ፍጥነትና ስለተዘነጋ ግድግዳ

ክቡር የክፍሉ ኃላፊ፣

የደራሲነት ችሎታዎን ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ካርቶንዎ ላይ «ኤሲ 1200» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ቁጥሩን ፈታትቼ አየሁት፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300 ሜጋቢት በሰከንድ፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867፣ ድምር 1167፤ የጎደለችውን 33 ክፍልዎ መርቆበታል። ስልኬ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ባንድ ብቻ ነው። በእርስዎ ሒሳብ የባልና የሚስት ቁመት ይደመርና ቤቱ ውስጥ 3 ሜትር ከ40 የሚሆን ሰው አለ ማለት ነው፤ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አልሰማም እንጂ።

ለመሆኑ 1200ውን ምን ላድርገው? እኔ ቤት የሚገባው መስመር 10 ሜጋ ነው። ማራዘሚያ ኢንተርኔት አይወልድም፤ ከራውተሩ የተቀበለውን ያቀብላል። መርካቶ ወርዶ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህቺው 10 ሜጋ ግድግዳ ተሻግራ ትደርስ እንደሆነ ነው። ስለ ግድግዳ ደግሞ ካርቶንዎ ጭጭ ብሏል። የሳሉት ቤት መስታወት በመስታወት ነው፤ ሰማያዊ ክቦች ከክፍል ክፍል ይንሳፈፉበታል፤ ቤተሰቡም ይስቃል፣ መብራት ጠፍቶበት የሚያውቅ አይመስልም።

የእኛን ቤት ላስተዋውቅዎ። ራውተሩ ሳሎን ነው፤ መስመሩ የገባው በዚያ ነዋ። ከሳሎኑ ቀጥሎ ብሎኬት፣ ሌላ ብሎኬት፣ የብረት በር፣ ግቢ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ኩሽና፣ ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ ቤቱ። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ የ2.4ቱ 12 ተኩል ገደማ ነው። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ግድግዳ የበለጠ ይውጠዋል፤ እናም በወርቅ ቀለም ያሞገሱት 5 ሁለተኛው ብሎኬት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። አሮጌው 2.4 እያነከሰም፣ ቆርቆሮውን እየዞረም ቢሆን ሰርቪሱ ይደርሳል። ቆርቆሮው ፊት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ብረት አይበሱም።

2.4ን ላሞካሽ አልመጣሁም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው እርግማን ነው። እርስ በርስ የማይጋጩ ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ የብሎኩ ነዋሪ ሁሉ እነዚህ ላይ ይጋፋል፤ ብሉቱዙም እዚያው ነው፤ የጎረቤት ማይክሮዌቭም በ2.45 ላይ ወጡን ያሞቃል። እዚያ የሚኖር 5ን ይምረጥ፤ ግድግዳው የጎረቤትን 5 ስለሚያስቀርለት ጉዳቱ ጥቅም ይሆንለታል። (ከ5ቱ ሰፈር ከፊሉ በብዙ አገር የአየር ጠባይ ራዳር ይዞታ መሆኑን፣ ራውተር ራዳር ከሰማ ቻናሉን ለቆ የመውጣት ግዴታ እንዳለበትም እንዳልሰማን እንለፈው።)

ክቡር ሆይ፣ ዋናው ቅሬታዬ ገና ነው። መንገዱ ሁለት ነው፦ ከራውተር እስከ ማራዘሚያ፣ ከማራዘሚያ እስከ ስልክ። ሁለቱም በአንድ ባንድ ከሆኑ ያው ሬዲዮ አንዱን እየሰማ ሌላውን ማናገር አይችልም፤ እያንዳንዷ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ትይዛለች፣ ፍጥነቱም በግማሽ ግድም ይወርዳል። ባለ ሁለት ባንድ የገዛ ሰው እንግዲህ የትኛው ባንድ በየትኛው መንገድ ይሂድ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ራውተሩ በሚታይበት፣ ወደ ግቢው በሚከፈት መስኮት አጠገብ ሶኬት ከተገኘ የመጀመሪያው መንገድ በ5፣ ወደ ሰርቪስ የሚሻገረው በ2.4 ይሁን። በመካከል ግድግዳ ከበዛ ሁለቱም በ2.4 ይሂዱ፤ አየሩ ካልተጨናነቀ ግማሹም ለ10 ሜጋ ይተርፋል። ይህን ማስተካከያ ክፍልዎ ማንም የማይከፍተው ገጽ ውስጥ ቀብሮ ካርቶኑ ላይ «ሰክተው ይጠቀሙ» ብሎ ጻፈ።

ሕዝቡም ታዘዘ። ኔትወርክ ጨርሶ የሌለበት ክፍል ሄዶ ሰካ። እዚያ ደግሞ የሚራዘም ነገር የለም። ስልኩ የሚለካው አጠገቡ ያለውን ማራዘሚያ ስለሆነ ባሩን እስከ ጫፍ ሞልቶ ያሳያል፤ ቪዲዮው ይዞራል፣ ይዞራል። በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድም ያው ነው፦ «ኔትወርኩማ ሙሉ ነው፣ ስልክሽ ነው የተበላሸው።» በእርስዎ ድርሰት ምክንያት ስንት ደህና ስልክ ተሰደበ!

በመሆኑም በሚቀጥለው እትም 1200ው ወደ ካርቶኑ ግርጌ ወርዶ በቦታው ብሎኬት እንዲሳል፣ ከሥሩም «ከግማሽ መንገድ አያሳልፉኝ» ተብሎ እንዲጻፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለሥዕሉ ሞዴል ካስፈለገ የቤቴን ግድግዳ ያለ ክፍያ አቀርባለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለጎረቤት ማይክሮዌቭ
ለሰርቪሱ ተከራይ (በ2.4 ጊጋኸርዝ)