ገንፎው መቼ ነው?

ስዊድን ውስጥ ሜርስታ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ አያጣም። ምስጢሩ ባቡሩ ነው። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሥር ባለው ጣቢያ የሚወርድ ሰው ለመተላለፊያ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። በሌላው መስመር እስከ ሜርስታ መጥቶ በ583 ቁጥር አውቶቡስ የሚሄድ ግን በተራው ትኬት ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የስቶክሆልም ሐበሻ አልገጠመኝም። እናም በረራው እስኪደርስ ሻንጣውን እያንከባለለ «እግረ መንገዴን ልያችሁ ብዬ» ይላል። ይግባ፤ ቡና አይጠፋም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ግን ቤቱን ዙሪያ ገባውን ይቃኛል፤ ወለሉ ላይ አሻንጉሊት አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያም «እሺ፣ ገንፎውን መቼ ነው የምንበላው?» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። እኔ ግን «መቼ ነው?» ሲባል እስክሪብቶ የሚያነሣ ሰው ነኝ። እስቲ እናስላው።

ስዊድን ለአንድ ልጅ 480 የወላጅ ፈቃድ ቀናት ትሰጣለች፤ ከዚህ ውስጥ 90ው የእናት፣ 90ው የአባት ብቻ ነው። ሆኖም ክፍያው በደመወዝ ልክ እንዲሆን ልጁ ይወለዳል ከተባለበት ቀን በፊት 240 ቀናት ሳያቋርጡ ገቢ ያለው ሥራ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት በቀን 250 ክሮኖር ናቸው። የሥራ ውሉ በየጥቂት ወሩ ለሚታደስለት ሰው 240 ቀን ቀላል አይደለም። ይሁን፣ ሞላ እንበል።

አሁን ወደ ገንፎው እንምጣ። ገንፎ ያለ ቅቤ ገንፎ አይደለም። አራሷ ጾም አይመለከታትም፤ ጠያቂው ግን ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሉ። እንግዲህ ሁሉም ሰው፣ በየትኛውም ቀን፣ ቅቤ የተነከረበት ገንፎ ሊበላ የሚችለው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ነው። ልጁ በዚያ ውስጥ መወለድ አለበት።

ገንፎውን ማን ያገነፋዋል? የባለቤቴ እናት ናቸዋ! ከደብረ ብርሃን መጥተው ያርሷታል። የጉብኝት ቪዛ ቢበዛ 90 ቀን ነው። ምጥ ሳይቀድማቸው ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢገቡ፣ ወንድ ከተወለደ ክርስትናው በ40 ቀን ስለሆነ ደኅና፤ 54ኛው ቀናቸው ላይ ዳቦ ይቆርሳሉ። ሴት ከተወለደች ግን ክርስትናዋ በ80 ነው። 80 እና 14 ሲደመር 94። አያት ከቪዛቸው አራት ቀን አልፈው ሕገ ወጥ ስደተኛ ሆነው ነው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና የሚያነሡት። ስለዚህ ወንድ ይሁን። ቅቤውን በሻንጣ እንዳያመጡት ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ እጅ መግባት ክልክል ነው፤ ተነጥሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት፣ ሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎም ቢሆን ክልክል ነው።

በአጭሩ ልጁ ወንድ ሆኖ ሚያዝያ መጨረሻ ግድም ይወለዳል። ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ስንቆጥር ሐምሌ ላይ እንወድቃለን። ሐምሌ ስዊድን በሙሉ ለዕረፍት የሚበርበት፣ አርላንዳ በሰው የሚጥለቀለቅበት፣ እኛ አርላንዳ የምንሠራው ደግሞ ያለ የሌለ ፈረቃ የምንሸፍንበት ወር ነው። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ እኔ ለጠዋቱ እወጣለሁ፤ ደረጃ ላይ ቁልፍ ተቀባብለን «ሽሮ አለ» ተባብለን እንለያያለን። በዚህ ሁኔታ ልጅ የሚገኘው በመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ተደርጓል።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ እንግዳዬ በረካውን እየጠጣ «ኧረ ተወው ባክህ፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይለኛል።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። በዕድሉ ያድጋል! አዲስ አበባ ያሉት የእህቴ ልጆች ዕድል የስልክ ቁጥሩ በ46 እንደሚጀምር ስንቱ ያውቃል? በየነሐሴው «ትምህርት ቤቱ ክፍያ ጨመረ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ለማን ነው? የማንስማቸውን ልጆች እያሳደግን «ልጅ የላቸውም» እንባላለን። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጥያቄው ለእኔ አለመቅረቡ ነው። የባለቤቴን ሆድ እያዩ ነው የሚጠይቁት። የእኔንም ሆድ ቢያዩት ከእሷ ይገፋል! ፅንስ ወርዶባት ገና ያላገገመች ትሁን፣ ዓመታት ሐኪም ቤት የተመላለሰች ትሁን፣ ጨርሶ መውለድ የማትፈልግ ትሁን፣ ማንም አያስብም። ደመወዝህ ስንት ነው ብሎ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው የሴትን ማሕፀን ሲጠይቅ ለምን አያፍርም?

እንግዶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከልባቸው ነው፤ ሲወጡም «ማርያም ትስጣችሁ» ብለው ይመርቃሉ። እኔም አሜን እላለሁ፤ ምርቃት አይመለስም።

ደግሞ ነገሩ በስሌት የሚፈታ አይመስልም። ስዊድን ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 1,250 ክሮኖር ትቆርጣለች፤ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያም ከ2002 ጀምሮ ጣሪያ አለው፤ ለመጀመሪያው ልጅ ከቤተሰቡ ገቢ 3 በመቶ አያልፍም። እንዲህም ሆኖ በፈረንጆቹ 2024 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ 1.43 ደረሰ፤ ቆጠራው ከተጀመረበት ከ1749 ወዲህ ይህን ያህል ወርዶ አያውቅም። ይህን ስሰማ የጥጋብ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2005 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለአዲስ አበባ ያገኘው ቁጥር 1.4 ነው። የልጅ አበል የለ፣ 480 ቀን የለ፤ የግል ሠራተኛ የሆነ አባት ዛሬም በአዋጅ 1156/2011 የሚያገኘው ሦስት ቀን ነው። አከራይም «ልጅ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ በሩን ይዘጋል። ያለው አልወለደም፣ የሌለውም አልወለደም። እንግዲህ አስሉት።

እኔ የማውቀው ገንፎ በላተኛው ብዙ፣ ሕፃን ያዡ ጥቂት መሆኑን ነው። መድኃኒት ግን አለው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ስዊድን ውስጥ ልጁን በጋራ የሚያሳድጉ ወላጆች እያንዳንዳቸው እስከ 45 የሚደርሱ የፈቃድ ቀናትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላሉ። አያት መሆን ግድ አይደለም፤ ወዳጅም ጎረቤትም ይሆናል፤ ብቻ በስዊድን የማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ ያለና ሥራውን ትቶ ሕፃኑን የሚይዝ ይሁን። ስም እየመዘገብኩ ነው። ዝርዝሩ ላይ እስካሁን ማንም የለም።