ነገረ ነፋስ ወመስኮት

ጤናንና ረጅም ዕድሜን የሚሹ ሰዎች በየአገሩ ልዩ ልዩ ሥርዓት እንዳላቸው፣ አንዱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲሮጥ፣ ሌላው ጨውና ስብ ሲቀንስ፣ ሌላውም እንቅልፉን በሰዓት ሲለካ እንደሚኖር የታወቀ ሲሆን፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከሉማሜ ከተማ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ግን ይህን ሁሉ ድካም በአንዲት ቀላል ግብር ጠቅልሎ ይፈጽመዋል፤ እርሷም የአውቶቡስን መስኮት መዝጋት ናት።

ግብሪቱ መሠረት የሌላት እንዳትመስል ከሥነ ፍጥረት እንነሣ። አባቶች እንዳስተማሩን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት የተገኘ ነው። ስለዚህ ነፋስ ለሰው ባዕድ አይደለም፤ ተሳፋሪው ራሱ ሩቡ ነፋስ ነው። ነገር ግን ሲፈጠር የተመጠነለትን ነፋስ አንድ ጊዜ ስለ ተቀበለ፣ ከሉማሜ መናኸሪያ በኋላ የሚጨመርበት ሁሉ ትርፍ፣ ትርፉም በሽታ እንደሆነ በጽኑ ያምናል።

ደግሞም ነፋስ ሁሉ አንድ አይደለም። ነፋሰ አውድማ አለ፤ ይህ በረከት ነው። በታኅሣሥና በጥር ጤፉን ወቅቶ የጨረሰ ገበሬ ላይዳውን ይዞ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ነፋስ ይመጣል ብሎ ከረፋድ እስከ ተሲዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ የቀረበት እንደሆነ ይተክዛል፤ የመጣለት እንደሆነ ገለባው ዐይኑን እየሞላው ደስ ይለዋል። ነፋሰ ገበያ አለ፤ ይህ አይጠቅምም አይጎዳምም፤ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ተራራ ወርዶ የገበያተኛውን ነጠላ ሲያንገላታ ቢውል እንኳ ስለ እርሱ ክፉ የሚናገር አላጋጠመንም። ሦስተኛው ነፋሰ መስኮት ነው። ይህ ገዳይ ነው። ትናንት በአውድማ ደረቱን ሰጥቶ የዋለው ያው ገበሬ ዛሬ በአውቶቡስ ውስጥ ጣት በምታህል ክፍተት የገባውን ነፋስ ሸሽቶ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሲከናነብ ብናይ እርስ በርሱ ተቃረነ ልንል አይገባንም፤ የለየው የነፋሱን መግቢያ ነውና።

የግብሪቱ አፈጻጸም እንዲህ ነው። አንድ ወጣት መስኮት ይከፍታል። ከኋላው የተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እስቲ እባክህ መስኮቱን ዝጋልኝ፤ ነፋሱ ሊገድለኝ ነው» ይሉታል። ወጣቱም «እሺ እማማ» ብሎ ይዘጋል። ይህን ቃል በብቸና አካባቢ ባሉት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ሊቃውንት ልማድ ብናትተው፦ «ዝጋልኝ» አሉ፤ እኔን ከሞት አድነኝ ሲሉ ነው። አንድም፣ ራስህን አድን፤ የዛሬው ነፋስ ጕልበትህን የሚጠይቅህ በስተርጅና ነው ሲሉ ነው። አንድም፣ እስክወርድ ድረስ በዚህ ወንበርና በፊተኛው ላይ ሥልጣን ያለኝ እኔ ነኝ ሲሉ ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ለንባቡ የቀረበ ይመስለናል።

ግብሪቱ ዕድሜን ለማርዘሟ ማስረጃው የማይናወጥ ነው። መስኮት ዝጉልን የሚሉት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው፤ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ የልጆች እናት እንደ ነበሩ የሚያወጉ አሉባቸው። መስኮት የሚከፍቱት ግን ወጣቶች ናቸው። እንግዲህ የዘጋ ያረጃል፣ የከፈተ አያረጅም ማለት ነው። ከከፋቾቹ አንዳንዶቹን መጨረሻቸውን ለማየት ብንከታተላቸው ደጀን ላይ ወርደው ከዚያ በኋላ አልታዩም።

የባሕር ማዶ ሊቃውንት በዚህ ነገር ከእኛ ጋር አልተስማሙም። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ ሕሙማን አያያዝ በጻፈችው መጽሐፍ የሕመምተኛው ክፍል አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ይሁን ብላ ከሥርዓቷ ሁሉ አስቀደመችው፤ ሕመምተኛውን ሳያበርዱት ስትል ግን ለሉማሜ ወገንም ጥቂት ፈቀቅ ብላለች። ሮበርት ኮህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ በበርሊን ከገለጠ ወዲህ፣ በሽታው ከታማሚው ሳል ወጥቶ በተዘጋ ስፍራ አየር ውስጥ እንደሚቆይና የተከፈተ መስኮት እንደሚበትነው ሐኪሞች ያስተምራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አገራችንን በሽታው ከጸናባቸው 30 አገሮች ጋር ይቆጥራታል። ተሳፋሪው ይህን አልካደም። ነገር ግን ሳል ከሰው የሚወጣ፣ ሰውም ቤተኛ ስለሆነ፣ ያሳለውን በዝምታ፣ ያስነጠሰውን «ይማርህ» ብሎ ያልፈዋል። ጢስም በዚሁ ሕግ ይዳኛል፤ መስኮት በሌለው ጎጆ ከምድጃው ሥር ተቀምጦ ዐይኑ እያለቀሰ ያደገ ሰው ጢስን የሚያውቀው እንደ ዘመድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ተሳፋሪው በግማሽ ተቀንሶ መስኮት ይከፈት በተባለ ወራት፣ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ መስኮቱን በእጁ የሚጎትት ነበረ፤ ይህ ሁለቱን ትምህርት አስታርቆ መያዝ ነው እንጂ ዐመፅ አይባልም።

የግብሪቱ ዐቢይ ፈተና የዓባይ በረሃ ነው። አውቶቡሱ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደጀን ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ድልድዩ ሲወርድ ሙቀቱ በየኩርባው ይጨምራል፤ የፍሬኑ ሽታ ይገባል፤ ላብ ከቅንድብ ይንጠባጠባል፤ ረዳቱ ፌስታል ያድላል፤ ሎሚ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሸተታል። መስኮቱ ግን አይከፈትም፤ ላብ ያለበትን ሰው ነፋስ ይበልጥ ይመታዋልና። በዚያች ሰዓት ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እየተነጋገረ፣ በአንድ እጁ መሪውን እያዞረ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ይቀድማል። ስለ ሕይወቱ እንዲህ የሚጠነቀቀው ሕዝብ አንዳች ቃል አይተነፍስም። አንድ ሰው «ኧረ ቀስ በል» ቢል እንኳ፣ «ተወው፣ እሱ ያውቃል» ተብሎ ይገሠጻል። ከዚህ የምንረዳው ገደል መስኮት እንዳልሆነ ነው።

ሾፌሩን ካነሣን የራሱን መስኮት ሳንመረምር ማለፍ አይቻልም። ይህ መስኮት ከሉማሜ እስከ አዲስ አበባ ክፍት ነው፤ የሾፌሩ ክርን ወጥቶበት ይውላል። ከእርሱ የሚገባው ነፋስ በቀጥታ ሁለተኛውን ረድፍ ቢመታም በዚያ ወንበር ነፋስ መታኝ ያለ ሰው አልሰማንም። ነፋስ ሥልጣን ያከብራል እንዳንል፣ በኋለኛው ወንበር በኩል መስተዋቱ ተሰብሮ በካርቶን የተደፈነ ሌላ መስኮት አለ፤ ካርቶኑ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጡ ይወድቃል። በእርሱ የሚገባው ነፋስ ከሁሉ የበረታ ነው። ጥቂቶች ካፍንጫ እስከ እግር ይከናነቡለታል፣ ጥቂቶች ይሥቁበታል፤ ሞት ግን አይጠራበትም። እኛም ስለ ጉዳዩ እኒያኑ እናት ጠይቀን ነበር። «እሱማ የተሰበረ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ፤ ወዲያውም ወደ ፊት ዘወር ብለው፣ ያ ወጣት መስኮቱን ዳግመኛ ከፍቶ እንደሆነ ተመለከቱ።