ለውሻው ብሩሽ፣ ለእኔ ጉጠት

እኔ በከብት ገበያ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ። ወሎ ውስጥ፣ ከላላ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ይጠራ ነበር። ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ የሚቆጠረው የታችኛው ስምንቱ ነው። የወተቱን ጥሎ ሁለት ካበቀለ ገና ወይፈን ነው። ስምንቱ ሞልቶ፣ ኋላም ተበልቶ ካለቀ ደግሞ ሻጩ «ገና ልጅ ነው» ብሎ ቢምል ቢገዘት አልሰማውም። የእንስሳ አፍ የምንከፍተው ለዚህ ነበር።

አሁን የልጄ ልጅ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምራ መጣችና፣ ሰላምታ ሳንጨርስ ከጅብ ጋር ሲተናነቅ ያረጀውን ውሻዬን ነብሮን አፉን ፈልቅቃ፣ «አባባ፣ ድዱ ቆስሏል፤ ጥርሱ ላይ ድንጋይ ተጋግሯል» አለችኝ። ድንጋይ! እርሻችን ላይ ያለው አነሰና ውሻው አፍ ገባ?

ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ ከምራቁ ጋር እየጠጠረ ድዱን ያሳምማል፣ ጥርሱንም ያነቃንቃል አለች። ደህና አድርጎ ለመፋቅ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት መተኛት አለበት። ይተኛ! የኔን መንጋጋ በጉጠት ሲነቅሉ ያሉኝ «ጥርስህን ነክሰህ ቻል» ነው። የምነክሰውን እየነቀሉ!

ከቦርሳዋ ብሩሽ አወጣች፤ አስከትላም የዶሮ ጣዕም ያለው የጥርስ ሳሙና። እኔ ዶሮ የምቀምሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። የሰው ሳሙና አይሆነውም ወይ ብላት፣ ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚሉት ማጣፈጫ ደግሞ ውሻ ይገድላል አለች። እንትፍ ማለት ማስተማር ይቀላል መሰለኝ። እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ በወይራ መፋቂያ አይደል የኖርኩት? (አሥራ አንድ ቀርተውኛል፤ ጥፋቱ የወይራው አይደለም።)

የሚፋቀው ደግሞ ብዛቱ! ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ ድመት 30። የኛዪቱ ድመት ሠላሳ ጥርስ ታጥቃ አይጡን ትታ የኔን ወተት ትጠብቃለች።

ደግሞስ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር እጠቡ ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። እሷ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ «ጓንት አለ» ትለኛለች።

እኔ የውሻ ጥርስ ሲነሳ የሚታወሰኝ እብደቱ ነው። በምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮውን የፈጀው ከእረኛ ውሻ የተጋባው ይኸው በሽታ ነው፤ የዚያ ቀበሮ ወገን እዚሁ ማዶ፣ የወሎው ቦረና ጫካ ውስጥ አለ። ዓለምም በፈረንጆቹ 2030 ከውሻ በሚመጣ እብደት ሰው እንዳይሞት ቀጠሮ ይዟል። ስለዚህ ቆጣ ብዬ፣

«መርፌው ይቅደም፣ ብሩሹ ይደርሳል!» አልኳት።

«ሁለቱንም ይዤ ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

ወጋችው። ነብሮ ዝም አለ፤ እንዲያውም እጇን ላሰ። ጅብ ሲመጣ እንዲህ ለምዶ እንዳይልስብኝ ነው የምፈራው።

ከዚያ ጓንቷን ለወጠችና ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ እርስዎም አፍዎን ይክፈቱ።» ከንፈሬን ገለጥ አድርጋ እንደ በሬ ገዢ አየችኝ፤ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ስንት ያወጣል?» አልኳት።

«ሻጩ ቢምል ቢገዘት አልገዛውም» አለችኝ።