ክብር ለፍሟ

ሸክላ ጥብስ ከጓዳ ሲወጣ ቀድሞ የሚታየው ሥጋው አይደለም። ከሥሩ፣ በሸክላው መስኮት በኩል፣ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ፍም ቀይ ዐይኗን ታጉረጠርጣለች። አስተናጋጁ ጠረጴዛው ላይ ከማሳረፉ በፊት ጎንበስ ብሎ እፍ ይልባታል፤ አመዷ ብን ብሎ እንጀራው ላይ ያርፋል። «ከሰል ነው እኮ ጋሼ!» ይላል፣ በሬውን ራሱ ያረደ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

የጓዳው በር ገርበብ ሲል ደግሞ የጋዝ ሲሊንደሩ ይታያል። ሰማያዊው ነበልባል ላይ በተጣደው ሰፊ መጥበሻ የእኔና የጎረቤቶቼ ጥብስ ባንድ ላይ ይንጨረጨራል፤ ይንተከተካል ቢባል ይቀርባል። ሥጋው እዚያው አልቆለታል። ፍሟ ከሥር የምትገባው መጨረሻ ላይ፣ ለሰላምታ ነው።

አዲስ አበባም ያው ነው አሉ። እኔ የምበላው ደብረ ብርሃን ነውና የማመሰግነውም የራሴን ከተማ ነው። ፈረንጆች በየጓሯቸው ቆመው ስቴክ በጋዝ ይሻላል በከሰል ሲባባሉ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። እኛ ክርክሩን በአንድ ፍም ዘጋነው፤ ለሆድ ጋዝ፣ ለዐይን ከሰል።

ቁጠባውስ! ድሮ አንድ ማዳበሪያ ከሰል የሚፈጀው ቤት ዛሬ በእፍኝ ይውላል። ግን ከዚህም መቆጠብ ይቻላል። እኛ በልተን ስንነሳ ፍሟ ገና ግማሽ ዕድሜ አላት፤ ለምን ትደፋለች? ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ትዛወር። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሥጋ ቤት። ጥቂት ብንተባበር ከጠባሴ እስከ በሬሳ ወንዝ ላለው ከተማ ሁሉ አንዲት ፍም ትበቃለች። በባጃጅ ትዞራለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃት፣ ማታ ሠርግ። ንፋሱ እንዳያጠፋት አንድ ዋና እፍ ባይና ሁለት ምክትል እፍ ባዮች ይቀጠራሉ። ማስታወቂያው ይለጠፋል፦ የትምህርት ደረጃ ዲግሪ፣ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ ሳንባ ጤነኛ። ቀጠሮ ያልያዘ ደንበኛ ፍሟ እስክትደርስ ይጠብቃል። ጥብሱ ቢቀዘቅዝ ምን ገዶት፤ እሷ ስትመጣ አብረው ፎቶ ይነሳሉ።

አንኮበር ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እኛ ሆነን ፍሟ ደብረ ብርሃን ታድራለች? ብሎ አቤት ይላል። ደብረ ብርሃን በበኩሏ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እኔ ዘንድ ከትመዋልና ቀዳሚነቱ የእኔ ነው ትላለች። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ጥብስ ያዝዛል፤ ፍሟ የለችም፤ ስብሰባው ይበተናል። በመጨረሻ ፍሟ ሳምንቱን ተካፍላ እንድታድር ይወሰንና ያን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ያን ብርድና ጉም፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትመላለሳለች። ብርድ ልብሱ ይቃጠላል። ለዚህም ሌላ ኮሚቴ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ሥራ ትፈታለች፤ ዓመታዊ ፈቃድ እንዳትሉት፣ ተጋቢኖ ሥር ተደርባ ትሠራለች፣ ያለ አበል።

ሌላውም ሙያ ቢማርበት ደግ ነው። ብርድ ልብስ ሻጩ በሩ ላይ አንዲት የመንዝ በግ ይሰር። በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ጠርዙ ላይ ጥላሸት ይቀባ።

«ባህል ነው» የሚሉኝ አሉ። የማን ባህል? የዚህ ደጋ እሳት ኩበት ነው። ለማገዶ የሚሆነው ባሕር ዛፍ እንኳ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬም ባሕር ዛፉ ከተማውን ከቦት እያለ እናቶቻችን ኩበት ይጠፈጥፋሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ይከምራሉ። ባህል ማሳየት ከሆነ ሐሳቡ፣ ሸክላው ሥር ኩበት አግቡበትና ደንበኛው በጭስ እያለቀሰ ይብላ።

ጣዕም ነው የሚሉት ደግሞ ያበሽቁኛል። ከሰል ሥጋን የሚያጣፍጠው ሥጋው ሽቦ ላይ ተዘርግቶ ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብና ጭሱ ተመልሶ ሲያጥነው ነው። እዚህ ግን በፍሟና በሥጋው መካከል ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ሸክላ አለ፤ ስብ አይወርድም፣ ጭስ አይወጣም። ከሰሉ ሥጋው ዘንድ የሚልከው ሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ጋዙም አለው።

የጥብሳችን በሽታ ሌላ ነው። ሥጋ ጠይም ሆኖ የሚሸተው ላዩ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ ነገሩን ፈረንሳዊው ኬሚስት ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ ጠባሾች ግን ከእሱ በፊትም ያውቁት ነበር። ሳሳ ባለ መጥበሻ ላይ ኪሎ ሙሉ ሥጋ ባንድ ጊዜ ከተገለበጠ መጥበሻው ይበርዳል፣ ሥጋው ውኃውን ይለቃል። ውኃ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ያ ውኃ እስኪያልቅ ሥጋው ከዚያ አያልፍም። ይቀቀላል ማለት ነው። ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል ይጨመርበትና ግራጫውን የሽንጥ ሥጋ ፍም ላይ አስቀምጠው ያመጡልኛል።

ውሸት ነው። ለቀቀሉት ሥጋ እሳት እያሳዩ የጥብስ ዋጋ መቀበል ነው።

ደግሞም በብርዱ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ተጠርቅሞ፣ በየጠረጴዛው ፍም እየተደረደረ፣ ራሴን አመመኝ የሚል ደንበኛ «ቢራው ነው» ይባላል። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ በየክረምቱ እንሰማለን፣ ረስተን ደግሞ እፍ እንላለን።

በጋዝ ጠብሱ። ወፍራም ብረት መጥበሻ ይጋል፣ ሥጋው ውኃው ደርቆ፣ በትንሽ በትንሹ ይግባ፣ ቶሎ ቶሎ አይማሰል፣ ጠይም ሲሆን ይውጣ። ከዚያ በጋዝ ነው የጠበስኩት በሉ። እከፍላለሁ፤ ጉርሻም እጨምራለሁ።

ይህንኑ ስሙን በማልጠራው አንድ ቤት ሞከርኩት። «ግማሽ ኪሎ ጥብስ፤ ፍሟ ትቅርብኝ» አልኩ። ልጁ ትእዛዙን መጻፉን አቁሞ ግራ ተጋብቶ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጥሬ ነው የፈለጉት ጋሼ?» አለኝ።