የ«ገባ» ሊቃውንት

በመቐለ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ጥገና ቤቶች ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረው፣ አምራች ኩባንያም በመመሪያው ያልጻፈው አንድ ታላቅ የዕውቀት ዘርፍ አብቧል፤ መሠረተ ሐሳቡም ከአንድ ሞዴል የተፈታ ዕቃ የሌላው ሞዴል ቦታ ላይ ከገባ ያው ነው የሚል ነው። ትምህርቱ «ገባ!» በምትል አንዲት ቃል የሚጠቃለል በመሆኑ ለመማር ዓመት አይፈጅም፤ ለመመረቅም ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጥቅል ናስትሮ ይበቃሉ።

ሊቃውንቱ በተለይ የሚራቀቁት ባትሪ በሚሞላው ክፍል ነው። ክፍሉ ሦስት ነገሮችን ያቀፈ ነው፦ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ማግኔት፣ ከማግኔቱ ሥር ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ኮይል፣ እንዲሁም ያንን ኤሌክትሪክ ባትሪ ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለውጦ ቮልቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታው ሬጉሌተር። ሦስቱም አንዱ ለሌላው ተለክተው መሠራታቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ይህ የፋብሪካው ጠባብነት እንጂ የሊቃውንቱ ጥፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ፍርድ እንዳይጓደል የዘርፉን ያለፈ ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ትግራይ በጦርነትና በከበባ ስትማቅቅ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ ነዳጅ ከመድኃኒት እኩል ሲናፈቅ፣ ከቆመ ሞተር ዕቃ ፈትቶ ሌላውን ማስነሣት ጥበብም ጀግንነትም ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ይህንን የሚነቅፍ ካለ ያልቸገረው ነው። የሚደንቀው ግን መንገዱ ከተከፈተ በኋላም የችግር ጊዜው ጋብቻ ሳይፈርስ ቀርቶ ሥርዓት መሆኑ ነው።

ቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን አልፎ ወርቁን ካልፈታ ቅኔው አልገባውም ይባላል፤ በ«ገባ» ቤት ግን ወርቅ ብሎ ነገር የለም። የሶኬቱ ቅርጽና የብሎኑ ቀዳዳ ከተስማማ ሰሙ ተፈቷል፤ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ወርቁ፣ ለባለንብረቱ ይተዋል፤ እርሱም ማታ በጨለማ ይፈታዋል።

ለምሳሌ ሦስት ቢጫ ገመድ የሚወጣበት ኮይል፣ ማለትም በሦስት ፌዝ የሚያመነጭ፣ ሁለት ገመድ ብቻ ከሚቀበል ሬጉሌተር ጋር ሲገናኝ፣ ሦስተኛው ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር በክብር ይቀበራል። ፋብሪካው ያንን ገመድ ለጌጥ እንዳስገባው የተረጋገጠ ይመስል፣ የማመንጨት ዐቅሙ መቀነሱን የሚጠይቅ የለም። ባጃጁ ወደ ኲሓ ሲወጣ ሞተሩ ስለሚጮኽ መብራቱ ደመቅ ይላል፤ ሮማናት አደባባይ ላይ ተራ ሲጠብቅ ግን በሚኒሞ ስለሚሠራ መብራቱ እንደ ጧፍ ይደበዝዛል፣ ክላክሱም ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ለዚህም ሊቃውንቱ መልስ አላቸው፦ «ባትሪ ቀይር።»

ከዚህ የረቀቀው ምርምር በአሮጌ ሞዴሎች ላይ የሚካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ሞተሮች በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ሬጉሌተር እንኳ አልነበራቸውም፤ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ ዳዮድ ብቻ ይገጠምላቸውና ትርፉን ባትሪው ራሱ ይችለው ነበር። ይህንን ዳዮድ ፈትቶ ብርቱ ኮይል ባለው የ12 ቮልት ሞተር ላይ መግጠም ልጓም የሌለው ፈረስ ለሕፃን እንደ መስጠት ነው። ቮልቱ ከ15 ሲያልፍ በባትሪው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይተናል፣ ጎኑ ያብጣል፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታም ከመቀመጫው ሥር ይነሣል፤ ሽታውን ተሳፋሪው በአሽከርካሪው ማሳበቡ የዘርፉ ተጨማሪ በረከት ነው።

ሌላም አለ። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች የኮይሉ አንድ ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረ ነው፤ አዲሱ ሬጉሌተር ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጫፎች ነጻ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ሲጋቡ የኤሌክትሪኩ ግማሽ ዙር ባትሪው ሳይደርስ በዳዮዱና በሻንሲው በኩል ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ዳዮዱ ይግላል፣ ኮይሉም ቫርኒሹ እየጠቆረ ቀስ በቀስ ይጠበሳል። ተቃጥሎ ሲወጣም የሚወቀሰው «ቻይና ሠራሽ» ዕቃው እንጂ ገጣሚው አይደለም፤ ዕቃው ሕንድ ተሠርቶ ቢሆንም እንኳ።

ባለንብረቱ ግን ቅሬታ የለውም፣ ምክንያቱም በሬጉሌተሩ ላይ ገንዘብ ቆጥቧል፤ የቆጠበውንም በዓመት ውስጥ ለሁለተኛው ባትሪ ከፍሏል፣ የቀረችውንም ለአምፖል።

ሊቃውንቱ የናቁት መሣሪያ ቴስተር ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ምሰሶዎች ላይ ማሳረፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለ12 ቮልት ባትሪ ንባቡ በአብዛኛው በ14 እና በ14.5 ቮልት መካከል መሆን አለበት። 13 ላይ ከቀረ ወይም 16ን ከተሻገረ፣ ዕቃው ገብቷል፤ ለገጣሚው ግን ገና አልገባውም።