መቶ የማይሞላ ውሃ

እናንተ ዕድሜ የጠገባችሁ ወገኖቼ፣ በዚህ ዘመን ከንፈር መምጠጥ የሚያውቅ ከእኛ በቀር አልቀረምና እስቲ አብራችሁኝ ምጠጡ። የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን «ላብ ሪፖርት» የሚሉትን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሥራው ምን መሰላችሁ? ውሃ አፍልቶ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ጽፎ ማምጣት። ውሃ! አያቷ ዕድሜ ልኳን ስታፈላው የኖረችውን ውሃ! ለዚህ ስምንት ገጽ ፈጀች። በእኛ ጊዜ ስምንት ገጽ የሚፈጀው የርስት ክርክር ነበር።

ሪፖርቱ ርዕስ አለው፣ ዓላማ አለው፣ መላምት አለው፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የአሠራር ቅደም ተከተል፣ ሰንጠረዥ፣ ግራፍ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ አለው። የሌለው ሰው ብቻ ነው። «ውሃው ተጣደ፤ ምድጃው ተለኮሰ፤ ሙቀቱ በየደቂቃው ተመዘገበ» ይላል። ማን ጣደው? ማን ለኮሰው? ክብሪቱን የጫርሁት እኔ ነኝ! እኔ መቼም ስሜ ይነሳልኝ የምል ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ከርዕሱ ሥር ከነአባቴ ከነአያቴ ብጠቀስ ምን ይጎዳት ነበር?

መላምት የሚሉት ደግሞ ሥራው ሳይጀመር የሚገመት ግምት ነው። ልጅቷ «በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብላ ገመተች፤ ውሃው 92 ላይ ተንተከተከ። እኔ ኩርኩም ስጠብቅላት መምህሯ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈላት። ተሳስቶ መመስገን! ይባስ ብሎ «የስህተት ምንጮች» የሚል ክፍል አለው፤ ልጅ ጉድለቱን ራሱ ዘርዝሮ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ለመምህሩ የሚያስረክብበት። ንስሐ እንኳ ለነፍስ አባት በጆሮ ነው የሚነገረው።

ደግሞስ 92 ምን ይሉት ቁጥር ነው? በእኛ ጊዜ ውሃ የሚፈላው በ100 ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የህንድ መምህራንና የሰላም ጓድ አሜሪካኖች ሳይንስ ሲያስተምሩ፣ ክፍሉ በሙሉ መቶ ብሎ ጻፈ። አንድም ያፈነገጠ የለም። አንድነት እንዲህ ነበር! ያውም ቴርሞሜትሩ በተቆለፈ ቁም ሳጥን፣ ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ ኪስ ነበር፤ ውሃውን ሳንጥደው መቶ መሆኑን አወቅነው። የዛሬ ልጅ በዓይኑ ካላየ አያምንም። እኛ ሐሰት የሚባል ነገር አጥብቀን እንጠየፍ ነበር።

«አባባ» ትለኛለች፣ «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ጫናው ይቀንሳል። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ የአየሩን ጫና ሲስተካከል ስለሆነ፣ ጫናው ካነሰ ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 96 አካባቢ ነው፤ መቶ የሚሞላው ባሕሩ ጠርዝ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው።» እንግዲህ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ጅቡቲ ልውረድ? ያውም የድሮው ባቡር በሌለበት!

ክክ ቶሎ አልበስል የሚለንም ለዚሁ ነው አለችኝ፤ እየፈላ ስለማይግል። ምን ታውቃለች! ጥፋቱ የዘንድሮ ክክ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ እናቴ በማለዳ የጣደችው ክክ ለእራት ድርስ ይል ነበር፤ እንዴት ያለ ፈጣን ክክ ነበር!

ውሃ ለማፍላት ደግሞ ጋዋንና መነጽር ይለብሳሉ። በእኛ ጊዜ መምህሩ «አሲዱን ውሃው ላይ እንጂ ውሃውን አሲዱ ላይ እንዳታፈሱ» ብሎ አንዴ ይናገራል፤ ያልሰማ ሸሚዙ ወንፊት ሆኖ ቤቱ ይገባል። አንዱ ጓደኛዬ በአልኮል ኩራዝ ቅንድቡን አቃጥሎ እስከ ክረምት አልበቀለለትም። ማንም ግን አንድ ቀን ጉዳት ደረሰበት ሲባል አልሰማንም።

ልኬቱንም ሦስት ጊዜ ደጋግማ አማካይ አወጣች። ለምን? የእኔ የደም ግፊት እንኳ አንዴ ተለክቶ ይበቃል፤ ቁጥሩ ካልጣመኝ ብቻ ነው እስኪጥመኝ የማስደግመው። ቴርሞሜትሩንም በስልክ ፎቶ አንስታ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘችው። እኔ ይህን ስልክ የሚባል ነገር አልወደውም። ብሶቴን በቴሌግራም በድምፅ ለዕድር ወዳጆቼ ብልክላቸው፣ ሩብ ሰዓት ብቻ የሆነውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ጠፋ። ትዕግሥት ድሮ ቀረ።

ስለዚህ ለመምህሩ ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው። የእኔው እንደነሱ ዝባዝንኬ የለበትም። ዓላማዬን ከላይ አስቀመጥሁ። የተጠቀምሁበትን ማንቆርቆሪያና ቴርሞሜትር ከሥሩ ዘረዘርሁ። ከዚያም ማለዳ ማለዳ እየተነሳሁ የለካሁትን ከነቀኑ ከነሰዓቱ በሰንጠረዥ አሰፈርሁ። የልጅቷ ቴርሞሜትር ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌላ ገዝቼ ሞከርሁት፤ እሱም ያው 92! አማካይ ማውጣት እንኳ አላሻኝም። ድሬዳዋ የሚወርድ ዘመዴ እዚያም እንዲለካልኝ አንዱን አስይዤዋለሁ፤ ውጤቱ ሲደርሰኝ በአባሪ ይላካል። መደምደሚያዬም አጭር ነው፦ የዘንድሮ ውሃ መፍላት እንጂ መሞቅ አያውቅም።